ኪቦርዱን አትንኪባት፦ ታዳጊ ሴቶችን በሳይንስና በቴክኖሎጂ ማማከር ለምትፈልግ ባለሙያ

መጀመሪያ ላይ ሜንተር (አማካሪ) መሆን ማለት ንግግር ማድረግ ይመስለኝ ነበር። አንድ ትምህርት ቤት ጋበዘኝ። ስላይድ አዘጋጀሁ፣ 40 ደቂቃ ሙሉ «ትችላላችሁ፣ በርቱ» ስል ቆየሁ፣ ተጨበጨበልኝ። ልወጣ ስል ከኋላ የተቀመጠች ልጅ እጇን አወጣች። «ጠዋት ቢሮ ስትገቢ መጀመሪያ የምትሠሪው ምንድን ነው?» አለችኝ። ሳቅ ብዬ «ኢሜይል አያለሁ» አልኳትና ሰዓት ስላለቀ ወጣሁ።

ማታ ጥያቄዋ ሲከነክነኝ አደረ። 40 ደቂቃ ስለ ሥራዬ ያወራሁ መስሎኝ ነበር። ለካ ሥራዬ ምን እንደሆነ አንዴም አልተናገርኩም።

ይህ መመሪያ የዚያችን ልጅ ጥያቄ በደንብ መመለስ ለምትፈልግ ሴት ባለሙያ ነው። ሶፍትዌር ጻፊ፣ ላብራቶሪ ውስጥ ሥሪ፣ ድልድይ ንደፊ፣ ልዩነት የለውም። ሥራ ከጀመርሽ ገና ሁለት ዓመትሽ ከሆነም እሰየው፤ ልጆቹ አንቺን አይተው «እኔም እዚያ እደርሳለሁ» ለማለት ይቀላቸዋል። ሃያ ዓመት የሠራች ዳይሬክተር እኮ ለ14 ዓመት ልጅ እንደ ጨረቃ ነች። ታያታለች እንጂ አትደርስባትም። (የምጠቅሳቸው ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አንድ፦ ከካሌንደርሽ ጀምሪ

ፍላጎቱማ አለሽ፣ ባይኖርሽ ይህን አታነቢም ነበር። ጥያቄው ጊዜው ነው። ለአንድ ሙሉ የትምህርት ዓመት በየሁለት ሳምንቱ ሁለት ሰዓት ታገኛለሽ? ካላገኘሽ በወር አንዴ ይሁን፤ ግን ቀኑ የታወቀና የማይዛነፍ ይሁን።

ይህን አጥብቄ የምለው ዝም ብዬ አይደለም። ወጣቶችን ከአዋቂ አማካሪ ጋር በሚያገናኝ ፕሮግራም ላይ ተሠርቶ በ2002 የታተመ ጥናት አለ። አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ የቆየ ግንኙነት ከሁሉም የበለጠ ለልጆቹ ጠቅሟል። ገና ሦስት ወር ሳይሞላው የተቋረጠባቸው ልጆች ግን ለራሳቸው ያላቸው ግምት ዝቅ ብሎ ነው የተገኘው። ጀምሮ መተው ካለመጀመር ይብሳል ማለት ነው። አንቺ ስትቀሪ ልጅቷ «ሥራ በዝቶባት ይሆናል» አትልም። «እኔን ሰልችታ ነው» ነው የምትለው።

ስለዚህ የምትሄጂው ለአንድ ቀን ብቻ ከሆነ «ለዛሬ ብቻ ነው የመጣሁት» በያቸው። ምንም ነውር የለውም። ነውሩ «እደውላለሁ፣ እንገናኛለን» ብሎ መጥፋት ነው። ፌብሩዋሪ 11 የተባበሩት መንግሥታት በ2015 የወሰነው ዓለም አቀፍ የሴቶችና የልጃገረዶች የሳይንስ ቀን ነው፤ ያን ሰሞን ግብዣው ይጎርፋል። ፌብሩዋሪ 12 ላይ ግን ማንም አይደውልም። አንቺ የፌብሩዋሪ 12 ሰው ሁኚ።

ስንት ልጅ ልያዝ ካልሽኝ፣ ከሦስት እስከ አምስት። አንዷ ብቻዋን ስትሆን ፈተና ላይ የተቀመጠች ይመስላታል። ከአምስት ሲበልጡ ደግሞ ዝምተኞቹ ይደበቃሉ። ይህ የኔ ልምድ ነው፣ ሕግ አይደለም።

ሁለት፦ በሩ ክፍት ይሁን

ይህ ክፍል አሰልቺ ነው፤ ግን አትዝለይው። የምትሠሪው ከታዳጊዎች ጋር ነው፣ ስለዚህ በግልሽ ሳይሆን በትምህርት ቤት፣ በቤተ መጻሕፍት ወይም በሚታወቅ ክለብ በኩል ግቢ። የወላጅ ወይም የአሳዳጊ ፈቃድ በጽሑፍ ይኑር። የምትገናኙት ሌላ ሰው ሊያያችሁ በሚችልበት ቦታ ይሁን። መልእክት የምትለዋወጡት መምህር ወይም ወላጅ ባለበት ግሩፕ ነው፣ ከልጅቷ ጋር ሌሊት በውስጥ መስመር አታውሪ። ፎቶዋን ሳታስፈቅጂ የትም አትለጥፊ።

አንድ ነገር ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን ንገሪያቸው፦ «የምትነግሩኝን ዝም ብዬ አላወራም፤ ግን አንዳችሁን የሚጎዳ ነገር ከሰማሁ ሊረዳችሁ ለሚችል ሰው እናገራለሁ።» «ለማንም አልናገርም» ብለሽ ቃል አትግቢ። እንዲህ ያለ ነገር ከነገረችሽ አዳምጫት እንጂ እንደ መርማሪ አታጣድፊያት። ከዚያ እዚያ ቤት የልጆች ደኅንነት ለሚመለከተው ሰው በዚያው ቀን አሳውቂ።

ሦስት፦ በመጀመሪያው ቀን ሲቪሽን ቤት ተይው

ወረቀትና እርሳስ ይዘሽ ሂጂ። «ሳይንቲስት ሳሉ» በያቸው። እዚህ ላይ ቋንቋችን ራሱ ያጠምድሻል፣ ተጠንቀቂ። «ሥራ ላይ ያለ ሳይንቲስት ሳሉ» ካልሽ አለቀ፣ ገና እርሳስ ሳያነሱ ወንድ አድርገሽዋል። በቃ «ሳይንቲስት ሳሉ» ብቻ።

ይህ ነገር ረጅም ታሪክ አለው። በ1983 የታተመ አንድ ጥናት ውስጥ 4,807 ሕፃናት ሳይንቲስት እንዲስሉ ተጠይቀው ነበር። ሴት ሳይንቲስት የሳሉት 28 ብቻ ናቸው። 28ቱም ሴቶች ልጆች ነበሩ፣ ከወንዶቹ አንድም የለም። ከዚያ ወዲህ በተሠሩ ጥናቶች ነገሩ ተሻሽሏል፤ ግን ልጆች ዕድሜያቸው በጨመረ ቁጥር ወንድ የሚስሉት እየበዙ ይሄዳሉ። ትምህርት ቤት ውስጥ ቆይተው የሚማሩት ነገር ነው እንግዲህ።

ሲጨርሱ አትፍረጂ፣ አታስተምሪ። ወረቀቶቹን ደርድሪና «ይሄ ሰውዬ ፀጉሩ ለምን ቆመ?» ብለሽ ጠይቂ። ይስቃሉ። «ብቻውን ነው እንዴ የሚሠራው?» በያቸው። «ጓደኛ የለውም» ትልሻለች አንዷ። እዚህ ጋ ወርቅ አገኘሽ ማለት ነው፤ ብዙ ልጆች ሳይንስን የሚሸሹት ከብዷቸው ሳይሆን ብቸኛ የሚያደርጋቸው መስሏቸው ነው። ስለ ቡድንሽ ንገሪያቸው። ማን ከማን ጋር እንደሚጨቃጨቅ፣ ማን እንደሚያስቅ፣ ስትቸገሪ ለማን እንደምትደውዪ።

አንዳንዷ «እርስዎ» እያለች ትሽኮረመማለች። «አንቺ በይኝ» በያት፣ ካልሆነላት ግን አታስጨንቂያት። በሦስተኛው ቀን ራሱ ይመጣል።

አራት፦ ያቺ ጥያቄ

ጠዋት ስትገቢ መጀመሪያ የምትሠሪው ምንድን ነው? ይህን ለመመለስ ያለፈውን ሳምንት አንድ ቀን ምረጪና ከጠዋት እስከ ማታ ጻፊው። ያማረውን ቀን አትምረጪ። እኔ ያነበብኩላቸው ቀን እንዲህ ያለ ነበር፦ ጠዋት ከቡድኑ ጋር 15 ደቂቃ ቆመን አወራን። ከዚያ አንድ ተጠቃሚ «ቁልፉን ስነካው ምንም አይሆንም» ያለውን ችግር ማሳደድ ጀመርኩ። እስከ ምሳ አላገኘሁትም። ከምሳ በኋላም አላገኘሁትም። አሥር ሰዓት ላይ ለሥራ ባልደረባዬ ላስረዳው ስጀምር፣ ገና ግማሽ ሳልደርስ መልሱ ብልጭ አለልኝ። ያስተካከልኩት አንድ መስመር ነው። ቀኑን ሙሉ፣ አንድ መስመር።

ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው ነው የሰሙኝ። «ታዲያ አልተቆጡሽም?» አለችኝ አንዷ። በእነሱ የትምህርት ቤት ዓለም ውስጥ ለአንድ ጥያቄ ስድስት ሰዓት የወሰደ ሰው ሰነፍ ነው። እኛ ግን የምንከፈለው ለዚህ ነው። ይህ አንድ ነገር ከገባቸው የስንት ንግግር ያህል ሠርተሻል።

ቢቻል ሥራ ቦታሽን አሳዪያቸው። ካልተቻለ ስክሪንሽን፣ የመስክ ማስታወሻሽን፣ የተበላሸ ሰርኪዩትሽን፣ ያልተሳካ ናሙናሽን ይዘሽ ሂጂ። የተሳካውን ብቻ አታሳዪ። ደግሞ ስለ ደመወዝ ይጠይቁሻል፤ አትሸማቀቂ። የራስሽን መናገር ባትፈልጊ እንኳ በዚህ ሙያ ጀማሪ ከስንት እስከ ስንት እንደሚያገኝ ንገሪያቸው። ወንዶች ልጆች ይህን ከአጎቶቻቸውና ከታላላቆቻቸው ሲሰሙ ነው የሚያድጉት።

አምስት፦ ኪቦርዱን አትንኪባት

ዋናው ይህ ነው፣ ስለዚህ ረዘም አድርጌ እነግርሻለሁ።

የመጀመሪያው ሥራ እጅ የሚነካው ነገር ይሁን። እኔ የምወደው ይህን ነው፦ ባለ 3 ቮልት ክብ ጠፍጣፋ ባትሪ፣ የሰዓት ባትሪ የሚመስለውን፣ እና አንዲት ቀይ ኤልኢዲ (ትንሽ የኤሌክትሪክ መብራት) ስጫት። ሌላ ምንም የለም። «አብሪያት» በያት። የኤልኢዲዋ ሁለት እግሮች ባትሪውን በሁለት በኩል እንዲያቅፉት ታደርጋለች። ግማሾቹ ሳይበራላቸው ይቀራል። ዝም በይ። ይገላብጡታል፣ ያዩታል፣ ይጫኑታል። ከዚያ አንዷ ኤልኢዲዋን አዙራ ስትሞክር ቦግ ይላል። የሚወጣውን ጩኸት አንቺው ትሰሚዋለሽ። አሁን ጠይቂያት፦ «ለምን ይመስልሻል?» ረጅሙ እግር ፖዘቲቭ መሆኑን፣ ኤሌክትሪክ በኤልኢዲ ውስጥ በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንደሚያልፍ የምትነግሪያት ከዚህ በኋላ ነው። በ3 ቮልት ተገልብጦ ቢገባ አይቃጠልም፤ ስለዚህ እየተሳሳቱ መሞከር ይቻላል። ለዚህ ነው የመረጥኩት። ባትሪዎቹን ግን ቆጥረሽ ሰብስቢ፣ ሕፃን ልጅ ቢውጣቸው እጅግ አደገኛ ናቸው።

ቀጥሎ ኮድ። ለታናናሾቹ ስክራች፣ ፊደል ሳይጽፉ ብሎክ እየገጣጠሙ ፕሮግራም የሚሠሩበት፣ በነፃ የሚገኝ ነው። ለታላላቆቹ ፓይተን፣ በጽሑፍ የሚጻፍ የፕሮግራም ቋንቋ።

አሁን ያጠፋሁትን ልንገርሽ። አንዲት ልጅ ነበረች፣ ጸጥ ያለች። የሳምንቱን የሙቀት መጠን አስገብታ አማካዩን የሚያወጣ ፕሮግራም እየጻፈች ነው። ስታስኬደው ቀይ ጽሑፍ ስክሪኑን ሞላው። ትከሻዋ ወደ ላይ ሲወጣ አየሁት። እኔ ደግሞ ከኋላዋ ቆሜ ችግሩ ወዲያው ታየኝ፤ 14ኛው መስመር ላይ «ቶታል» የሚለውን ስም ስትጽፍ ሁለት ፊደል ተገላብጦባታል። ሰዓቱ እየሄደ ነው፣ ሌሎቹም እየጠሩኝ ነው። ጎንበስ አልኩና «ቆይ፣ ይቺን ብቻ» ብዬ ኪቦርዱን ሳብኩት። ጠቅ ጠቅ። ሠራ። «አየሽ፣ ቀላል ነው!» አልኳት። «አመሰግናለሁ» አለችኝ።

በሚቀጥለው ስብሰባ አልመጣችም። በሚቀጥለውም አልመጣችም። ስትመለስ ምን ሆነሽ ነው አልኳት። «አንቺ በአንድ ደቂቃ ጨረስሽው፤ እኔ ሳምንት ሙሉ ለፍቼበት ነበር» አለችኝ። ቁጣ የለባትም። እንደ ተረጋገጠ ነገር ነው የነገረችኝ፤ ለሷ ማስረጃ ሆኖላት ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሕጌ አንድ ነው። እሷ ጎን እቀመጣለሁ እንጂ ከኋላዋ አልቆምም። እጄን ጭኔ ላይ አደርጋለሁ፣ ካስፈለገም እቀመጥበታለሁ። ቀዩ ጽሑፍ ሲመጣ «ምን ይላል?» እላለሁ። መልሱ ሁሌም «ኤረር ነው» ነው። «አዎ፣ ግን ምን ይላል? አንብቢልኝ።» ድምፅ አውጥታ ታነባለች። «የትኛው መስመር ይላል?» 14። «14 ላይ ምን አለ?» ከዚያ ዝምታ። ይህ ዝምታ ከባድ ነው፤ በልብሽ እስከ ሃያ ቁጠሪ። አብዛኛውን ጊዜ አሥራ ሁለት ላይ «ውይ!» ትላለች። ያ «ውይ» የሷ ነው፣ አትቀሚያት። አዲሶቹ የፓይተን ቨርዥኖችማ «ይህን ለማለት ፈልገው ነው?» እያሉ ትክክለኛውን ስም ይጠቁማሉ። ልጆች ግን ቀይ ሲያዩ ማንበብ ያቆማሉ። የምታስተምሪያት ቀዩን ማንበብ ነው።

እዚህ ላይ የእሳት ራቷን ታሪክ አጫውቻቸው። ሴፕቴምበር 9 ቀን 1947 ሃርቫርድ ማርክ 2 የሚባለው ኮምፒውተር አልሠራ አለ። የኮምፒውተር ሳይንቲስቷ የግሬስ ሆፐር ባልደረቦች ማሽኑን ሲፈትሹ ማብሪያ ማጥፊያው ውስጥ የእሳት ራት ገብታ አገኙ። አውጥተው መዝገቡ ላይ በፕላስተር ለጠፏትና «በእውን የተገኘ የመጀመሪያው ባግ» ብለው ቀለዱ፤ «ባግ» በእንግሊዝኛ ነፍሳት ማለት ነው። ኢንጂነሮች ስህተትን «ባግ» ማለት የጀመሩት ከዚያ በፊት ነው፣ ቀልዱም እዚያ ላይ ነው። ልብ በይ፣ ስህተቱን አልደበቁትም። መዝገብ ላይ ለጠፉት። እኛም «የባግ ደብተር» አለን፤ እያንዳንዷ ያጋጠማትን ስህተትና እንዴት እንዳገኘችው ሁለት መስመር ትጽፍበታለች። የኔም ስህተት እዚያ ውስጥ ይገባል።

የምትገናኙት በኢንተርኔት ከሆነ ስክሪኑን የምታጋራው እሷ ትሁን እንጂ አንቺ አትሁኚ። ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) ስለሚባለው ነገር መጠየቅሽም አይቀርም። እኔ አልከለክልም። መጀመሪያ ኤረሩን ራስሽ አንብቢ፣ ሁለት ነገር ሞክሪ፣ ከዚያ ጠይቂው እላለሁ። ያመጣላትን ኮድ መስመር በመስመር ካላስረዳችኝ ግን አልቀበልም።

ስድስት፦ «ጎበዝ» ማለት ተይ

ይህ ከባድ ነው፣ ምላሳችን ላይ ያደገ ቃል ነው። ልጅ አንድ ነገር ስትሠራ «ጎበዝ!» እንላለን። ችግሩ ሲበላሽባት ነው፤ ሲሠራ ጎበዝ ከሆነች ሳይሠራ ሲቀር ምንድን ነች? በ2017 የወጣ አንድ ጥናት እንዳሳየው የ5 ዓመት ሴቶች ልጆች «በጣም በጣም ብልህ» የሆነን ሰው ሲገምቱ ከራሳቸው ጾታ ይመርጣሉ፤ ወንዶቹም እንዲሁ። 6 እና 7 ዓመት ላይ ግን የሴቶቹ ልጆች ምርጫ ይቀንሳል። «በጣም ብልህ ለሆኑ ልጆች ነው» ተብሎ የቀረበላቸውን ጨዋታም ይሸሻሉ። አንቺ ጋ የመጣችው 14 ዓመቷ ነው። ስምንት ዓመት ሙሉ ይህን ስትሸከም ቆይታለች።

ስለዚህ ብልህነቷን ተይና የሠራችውን ጥሪላት። «ሦስት መንገድ ሞከርሽ፣ ሦስተኛው ላይ ቁጥሮቹን በወረቀት አሰላሽ፣ ያኔ ነው የያዝሽው።» ይህ ይረዝማል፣ አውቃለሁ። «ቀላል ነው» የሚለውንም እንደዚሁ ጣዪው። ቀላል ነው ያልሻትን ካልቻለች ደደብ ነኝ ትላለች፣ ከቻለችም ቀላል ስለሆነ ነው ትላለች። በየትኛውም በኩል ትከስራለች። «ይቺ ታስቸግራለች፣ እኔንም አስቸግራኛለች» በያት።

ሰባት፦ ብቻዋን የምትሆንበትን ቀን አለማምጃት

በአሜሪካ 150 ሴት የኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ላይ ተሠርቶ በ2017 የታተመ ሌላ ጥናት አለ። አንደኛ ዓመት ሲገቡ ለአንዳንዶቹ ሴት ታላቅ ተማሪ፣ ለአንዳንዶቹ ወንድ ታላቅ ተማሪ አማካሪ ሆነላቸው፤ ሌሎቹ ማንም አልተሰጣቸውም። ሴት አማካሪ ያገኙት በራስ መተማመናቸውና «ቦታዬ እዚህ ነው» የሚለው ስሜታቸው አልወረደም፣ ትምህርቱንም አልተዉም። የሚገርመው ልዩነቱ ውጤታቸው ላይ አልነበረም። ሌሎቹ ሲሸሹ የነበሩት ማርክ እያላቸው ነው።

ስለዚህ ማጠናከሪያ ትምህርት መስጠት ብቻውን ስንኳ አይበቃም። «ቦታዬ ነው» የሚለውን መሥራት አለብሽ፣ እሱ ደግሞ በትንንሽ ነገር ነው የሚሠራው። ለምሳሌ የላብራቶሪ ቡድን ውስጥ አራት ልጆች አሉ፣ እሷ ብቻ ሴት ነች። ሁልጊዜ የሚሆነው ምንድን ነው? «አንቺ ጽሕፈትሽ ያምራል፣ ማስታወሻ ያዢ።» ሙገሳ ይመስላል። ዓመቱ ሲያልቅ ግን ሦስቱ ሽቦ ሲያያይዙ ከርመዋል፣ እሷ እጇ ላይ ያለው እስክሪብቶ ነው።

ይህን በድራማ ተለማመዱት። አንቺ ከወንዶቹ አንዱን ሁኚ። እሷ «ዛሬ ሽቦውን እኔ ልያዝ፣ ማስታወሻውን አንተ ያዝ» ትበል። መጀመሪያ ድምፅዋ አይወጣም፣ ትስቃለች። አምስት ጊዜ ድገሙት። በአምስተኛው ቃሉ አፏ ላይ ይቀመጣል። ክፍል ውስጥ ያቺ ደቂቃ ስትመጣ አዲስ ዓረፍተ ነገር ማሰብ የለባትም።

ታሪክ ካስፈለገሽ የኢኒያክን ተናገሪ። በ1946 ለሕዝብ የታየው ይህ ኮምፒውተር ፕሮግራም ያደረጉት ስድስት ሴቶች ነበሩ። በምርቃቱ ቀን ማሽኑ የሠራውን ስሌት ያዘጋጁት እነሱ ሆነው ሳለ ማን መሆናቸውን የተናገረላቸው አልነበረም፤ ታሪካቸው በሰፊው የታወቀው ከአሥርት ዓመታት በኋላ ነው። ማሪ ኩሪንም አንሺ፣ ግን እሷን ብቻ አታንሺ። ሁለት ኖቤል የወሰደች ሴት ብቻዋን ስትቀርብ «እንዲህ ካልሆንሽ አትምጪ» ትመስላለች። ሳይንቲስቷን ካታሊን ካሪኮን ጨምሪ፤ ኤምአርኤንኤ (ሴል ፕሮቲን እንዲሠራ መመሪያ የሚያደርስ ሞለኪውል) ላይ ስትሠራ የገንዘብ ድጋፍ ጥያቄዋ በተደጋጋሚ ውድቅ ሆኗል፣ በ1995 ከሥራ ደረጃዋ ዝቅ ተደርጋለች፣ በ2023 ከድሩ ዋይስማን ጋር ኖቤል ተሸልማለች። ዝቅ በተደረገችበትና በተሸለመችበት መካከል ያለውን 28 ዓመት ልጆቹ ራሳቸው ይቀንሱት።

ስምንት፦ ቤቷን አትርሺ

ወላጆች ጠላት አይደሉም። አብዛኞቹ የሚፈሩት አንድ ነገር ነው፦ ልጄ ተምራ ሥራ ታገኛለች ወይ? አንድ ቀን ጥሪያቸው። ልጅቷ ፕሮጀክቷን ራሷ ታሳያቸው፣ አንቺ ጥግ ይዘሽ ቁጭ በይ። አባት ወደ አንቺ ዞሮ ሲጠይቅሽ «እሷን ይጠይቋት» በይ። ከዚህ ሌላ የምለው የለኝም።

ዘጠኝ፦ በር ክፈቺላት

ምክር ብቻውን ሩቅ አይወስድም። በ1903 የኖቤል ሽልማት ሊሰጥ ሲታሰብ በዕጩነት ደብዳቤው ላይ የነበሩት ፒየር ኩሪና ሄንሪ ቤከሬል ነበሩ፣ ማሪ የለችም። ይህን ያየ የስዊድኑ የሒሳብ ሊቅ ሚታግ ሌፍለር ለፒየር ጻፈለት፤ ፒየርም ማሪ አብራ እንድትታሰብ አሳሰበ። እሱው ሚታግ ሌፍለር ነው በ1883 የሒሳብ ሊቋን ሶፊያ ኮቫሌቭስካያን ስቶክሆልም ዩኒቨርሲቲ እንድታስተምር ያስጠራት፤ በ1889 ሙሉ ፕሮፌሰር ሆናለች። ሰውዬው ሴቶቹን ሒሳብ አላስተማረም፣ እሱን ያውቁታል። እነሱ በሌሉበት ክፍል ውስጥ ስማቸውን ጠራ።

አንቺም እንደዚያ። የውድድርና የስኮላርሺፕ ቀነ ገደቦችን ሰብስበሽ አንድ ወረቀት ላይ አድርጊ፣ ከሁለት ወር በፊት አስታውሻቸው። ማመልከቻ ስትጽፍ አትጻፊላት፤ ግን ረቂቋን አንብበሽ «እዚህ ጋ ‹ቡድናችን ሠራ› ብለሻል፣ አንቺ የሠራሽው የቱ ነው?» ብለሽ ጠይቂ። ሴቶች ልጆች የራሳቸውን ሥራ «እኛ» ውስጥ ይደብቃሉ። የድጋፍ ደብዳቤ ስትጽፊ «ትሑት፣ ታታሪ፣ ጨዋ» ብለሽ አትሙይው። የሠራችውን ጻፊ፦ ምን ችግር ገጠማት፣ በምን ፈታችው። ወንድ ባልደረቦችሽንም አስገቢ፣ ሥራውን ሁሉ በሴት ጫንቃ ላይ መጫን የለብንም።

አሥር፦ ሲቀርና ሲያልቅ

አንዳንዷ ትቀራለች። አንዴ ስትቀር ጠይቂያት፣ ሁለቴ ስትቀር በመምህሯ በኩል እወቂ፤ የትራንስፖርት ወይም የቤት ሥራ ጫና ሊሆን ይችላል፣ ሰዓቱን በማዛወር ይፈታል። እንደኔ ኪቦርድ የነጠቀ ሰው ኖሮም ይሆናል።

አንዷ ደግሞ በዓመቱ መጨረሻ መጥታ «ሕግ ነው መማር የምፈልገው» ትልሻለች። ፊትሽን ተቆጣጠሪ። አልከሰርሽም። ቀዩን ጽሑፍ ሳትፈራ የምታነብ ጠበቃ ትሆናለች። ለምን እንደመረጠች ግን ጠይቂ፤ ወዳው ነው ወይስ ፊዚክስ መምህሯ አንድ ቀን አንድ ነገር ብሏት? ሁለተኛው ከሆነ ወሬው ገና አላለቀም።

የመጨረሻው ስብሰባ መቼ እንደሆነ ከአንድ ወር በፊት ተናገሪ፣ ድንገት አይሁንባቸው። በዚያ ቀን ባለ 3 ቮልቱን ባትሪና ኤልኢዲውን ለአዲስ ልጆች የሚሰጡት እነሱ ይሁኑ። አንቺ ከኋላ ቁጭ በይ። ያቺ ጸጥ ያለችው ልጅ አዲሷ ልጅ ሲጨልምባት እጇን ልትሰነዝር ብላ፣ ትዝ ሲላት መልሳ ጭኗ ላይ ስታስቀምጠው አይቻለሁ።

ከዚያ ስልክሽ ላይ የስድስት ወር ማስታወሻ ሙዪ። ቀኑ ሲደርስ ግሩፑ ላይ ጻፊላቸው። «እንዴት ናችሁ» ብቻ አይሁን፤ «ያ የሙቀት ፕሮግራም እስካሁን ይሠራል?» ብለሽ ጠይቂ።